ሀያው አርባ ይሁን

እሑድ፣ ግንቦት 3

ሐኪሙ ጨጓራዬን ነካክቶ «ምግብ አይደለም፣ ንዴት ነው» አለኝ። ወንድሜ ኢብራር ከክሊኒኩ ስንወጣ ይሄን ደብተር ገዝቶ እጄ ላይ አስቀመጠ። «ንዴትሽን እዚህ ላይ ድፊው። እኛ ላይ አትድፊው» አለ። እሺ፣ ልድፋው።

ዛሬም ምሽት አንድ ሰዓት ሲሆን ድረ ገጹ ቀጥ አለ። የጋሽ መሸሻ ድረ ገጽ ማለቴ ነው። ጋሽ መሸሻ አስራ አንደኛና አስራ ሁለተኛ ክፍል ኬሚስትሪ ያስተማሩኝ ሰው ናቸው። ሁለት ጊዜ ከክፍል አስወጥተውኛል፣ ሁለቴም ስለተከራከርኩ። ጡረታ ከወጡ በኋላ ያለፉትን ዓመታት የአስራ ሁለተኛ ክፍል ፈተናዎች አንድ በአንድ እየሠሩ፣ መልሱ ለምን እንደዚያ እንደሆነ በእጃቸው እየጻፉ ደብተር በደብተር ላይ ሞሉ። እኔ የቀን ሥራዬ ሜክሲኮ አካባቢ አንድ ቢሮ ውስጥ የሰው ድረ ገጽ መጠገን ነው። የእሳቸውን ጽሑፍ እየተየብኩ ኢንተርኔት ላይ የማወጣው ግን ለነፍሴ ነው። ተማሪው ከየትም ሆኖ በነጻ ያነባል፣ ያልገባው ደግሞ ማታ ማታ ጋሽ መሸሻ ስልክ ላይ ይደውላል። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ከሶፋው የሚያስነሳቸው ይሄ ስልክ ብቻ ነው ትላለች ልጃቸው ጥሩብርሃን።

ችግሩ ድረ ገጹ የተቀመጠበት ኮምፒውተር፣ ሰርቨሩ ነው። ርካሽ ስለሆነ ደካማ ነው። ገጾቹ ከነሥዕላቸው ስለሚከብዱ፣ እያንዳንዱን ገጽ ጨምቆ፣ አሳንሶ ነው ለተማሪው የሚልከው። ግን ለእያንዳንዱ ልጅ እንደ አዲስ ይጨምቃል። ሦስት መቶ ልጅ እራቱን በልቶ አንድ ላይ ሲመጣበት ሦስት መቶ ጊዜ ይጨምቃል። ከዚያ ትንፋሽ ያጥረዋል፣ ከዚያ ይቆማል። ፈተናው ሰኔ 24 ነው። ያኔ ሦስት ሺህ ቢመጡበትስ?

ይኸው ደፋሁት። ጨጓራዬ ግን ያው ነው።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 5

ታክሲ ውስጥ። ጦር ኃይሎች ጋ መንገዱ ተዘግቷል። ድረ ገጹ ትናንትም ወደቀ። ከጂንካ በኩል አንድ ልጅ «ለመክፈት አስር ደቂቃ ጠበቅኩ፣ ሳይከፈት ካርዴ አለቀ» ብሎ ጽፏል። አቦ፣ ምን ልበለው? ይቅርታ አልኩት። ይቅርታ ገጽ አይከፍትም።

እሑድ፣ ግንቦት 10

ገባኝ! ወላሂ፣ እንዲህ ቀላል ሆኖ ሳለ አንድ ወር ስናደድ መክረሜ!

እማ በግቢያችን በር ላይ ትንሽ ሱቅ አለቻት። ሰው እስኪመጣ ጠብቃ ስኳር አትመዝንም። ጠዋት ኪሎ ኪሎውን፣ ግማሽ ግማሹን ቋጥራ ትደረድራለች። ሰው ሲመጣ አንስታ ትሰጣለች፣ አለቀ። እኔ ደግሞ ይሄን ምስኪን ሰርቨር በየሰዉ ፊት ሚዛን አስይዤ አቆመዋለሁ።

ስለዚህ ዛሬ ቁጭ ብዬ ገጾቹን ሁሉ እዚሁ ላፕቶፔ ላይ አንድ ጊዜ፣ ጥርቅም አድርጌ ጨመቅኳቸው። አሁን እያንዳንዱ ገጽ ሰርቨሩ ላይ ሁለት ሆኖ ተቀምጧል፤ ዋናው፣ ከጎኑ ደግሞ የተጨመቀው። የተማሪ ስልክ ሁሉ የተጨመቀ መቀበል ስለሚችል ሰርቨሩ ምንም ሳይለፋ የተጨመቀውን አንስቶ ይሰጠዋል። ዋናው የሚሰጠው፣ የተጨመቀ ለማይጠይቅ እንግዳ ነገር ብቻ ነው፣ እሱም ከመጣ። ስምንት መቶ ኪሎባይት የነበረው ገጽ መቶ ሀያ ገባ። መጭመቁንም መጫኑንም በአንድ ትእዛዝ አከታትሎ የሚሠራ ትንሽ ፕሮግራም ጻፍኩ፤ እኔ ቁልፍ መጫን ብቻ ነው።

ምሽት አንድ ሰዓት ላይ አፍጥጬ ጠበቅኩ። አራት መቶ አስር ልጅ መጣ። ሰርቨሩ ንቅንቅ አላለም። ብቻዬን ሳሎን ውስጥ እልል አልኩ። እማ ሮጣ መጥታ «ባል ተገኘ?» አለች።

እሮብ፣ ግንቦት 13

የጂንካው ልጅ «አሁን እጄን ሳላነሳ ይከፈታል፣ እናመሰግናለን» አለ። ጨጓራዬ ሦስት ቀን ዝም ብሏል።

ጋሽ መሸሻም ደወሉ። «ፈይዛ፣ ምን አድርገሽው ነው እንዲህ የሚበረው?» አሉ። አስረዳኋቸው። ትንሽ አሰቡና «ቁሱ ያው ነው፣ የያዘው ቦታ ነው ያነሰው። እንደ ጋዝ አመቅሽልኝ ማለት ነው» ብለው እስኪያስላቸው ሳቁ። ቀጥለው «አሁን እንግዲህ ስህተት እንዳይኖርበት ከመጀመሪያው ጀምሬ ሁሉንም አነባለሁ» አሉ። አጉሊ መነጽራቸውን ይዘው በየቀኑ አስር ጥያቄ ያነባሉ፤ በሰባ አራት ዓመታቸው።

እሮብ፣ ግንቦት 20

ጥሩብርሃን ደወለች። ዓለም ባንክ ፋርማሲ ነው የምትሠራው፣ የምትኖረው ግን ቀራንዮ ከአባቷ ጋር ነው። ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነበር።

«ፈይዚዬ፣ አባዬ እየረሳ ነው። ባለፈው ቀራንዮ እወርዳለሁ ብሎ ተሳፍሮ ሳንሱሲ ሲንከራተት ሰው አገኘው። ሰኞ ደግሞ ድስት ጥዶ ወጥቶ ቤቱ ጭስ በጭስ ሆነ። ሰው እንዳይሰማብኝ። አብረሽው ስለምትሠሪ ነው ላንቺ የነገርኩሽ።»

ማንም ታክሲ ይሳሳታል አልኳት። እኔስ ባለፈው ሳምንት አየር ጤና የሚል ሰምቼ ሌላ አልገባሁም? ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን አሰብኩ። ጋሽ መሸሻ የሁላችንንም ስም ከነአባታችን የሚያውቁ ሰው ነበሩ።

እሮብ፣ ግንቦት 27

አየር ጤና፣ አውቶቡስ ውስጥ። ለአረፋ ወራቤ መሄዳችን ነው። ነገ፣ የበዓሉ ዋዜማ፣ የሴቶች አረፋ ስለሆነ እማ ዛሬ ካልደረስኩ ሞቼ እገኛለሁ ብላለች። ዘጠኝ ፌስታል ይዛ አንዱ ጠፋብኝ እያለች ሰውን ሁሉ ታስነሳለች።

ጋሽ መሸሻ ደወሉ። የራሳቸውን ስህተት አግኝተዋል። ጥያቄ 37፤ ሀያ ሚሊ ሊትር ሰልፈሪክ አሲድ ገለልተኛ ለማድረግ በጥንካሬ እኩል የሆነ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ስንት ሚሊ ሊትር ይበቃል የሚለው። መልሱን ሀያ ብለው ነበር የጻፉት። አሲዱ ሁለት ሃይድሮጅን እንዳለው ዘለሉት። እጥፍ ነው የሚፈልገው።

«በነፍስሽ ፈይዛ፣ ሀያው አርባ ይሁን። ልጆቹ በእኔ የተነሳ ሀያ ብለው እንዳይገቡ።»

ላፕቶፔ ሻንጣ ውስጥ፣ ሻንጣው አውቶቡሱ ጣሪያ ላይ ነው። በስልኬ በቀጥታ ሰርቨሩ ውስጥ ገባሁ። ገጹን ከፈትኩ፣ ሀያውን አጠፋሁ፣ አርባ ጻፍኩ። ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። ሹፌሩ ሞተር አስነሳ። አለቀ ደቀቀ።

እሑድ፣ ሰኔ 1

ወራቤ። ኔትዎርክ የለም፣ ንዴትም የለም። ቅቤ የጠገበ አተካና በልቼ መተንፈስ አቅቶኛል። አክስቴ «ኮምፒውተሩን ነው ያገባሽው?» አለችኝ። አዎ አልኳት፣ ግን እሱም አይሰማኝም። ሳቀች።

እሮብ፣ ሰኔ 4

ከአረፋ ተመለስን። ስልኬ ኔትዎርክ እንዳገኘ ጋሽ መሸሻ አራት ጊዜ ደውለው እንደነበር አየሁ።

«ፈይዛ፣ ሀያው እንዳለ ነው።»

«ተስተካክሏል እኮ ጋሼ።»

«እያየሁት ነው። ሀያ ይላል።»

ሰርቨሩን በቀጥታ የማናግርበት ጥቁር መስኮት አለኝ። ሥዕል የለ፣ ቀለም የለ፣ ፊደል ብቻ። ሠላሳ ሰባትን አምጣ አልኩት፣ አመጣ። አርባ ይላል። ስልክዎ የድሮውን ይዞ ነው፣ አጥፍተው ያብሩት አልኳቸው። አጥፍቼ አብርቻለሁ አሉ። እንግዲያው ነገ ይስተካከላል አልኩ።

ከፈተና በፊት ምንም ነገር አልነካም ብያለሁ። ጥሩ የሚሠራ ነገር አይነካም። ፕሮግራሙንም አላስነሳም።

አርብ፣ ሰኔ 6

ከጁምዓ ስወጣ ደወሉ። ሀያ። ቢሮ ገብቼ በጥቁሩ መስኮት አየሁ። አርባ። ማታም ደወሉ። ሀያ።

ተናደድኩ። በእሳቸው አልተናደድኩም፣ እሳቸውማ ምን ያድርጉ። ጥቁሩን መስኮት ፎቶ አንስቼ ለጥሩብርሃን ላክሁላት። «አሳዪያቸው፣ ይኸው አርባ» አልኳት። «እግዚአብሔር ይስጥሽ። እኔማ የዚያን ቀን ነው የነገርኩሽ» ብላ መለሰች።

ይኸው ተረጋገጠ። ለምን ደስ እንዳላለኝ አላውቅም።

እሑድ፣ ሰኔ 8

ቀራንዮ ሄጄ ነበር። ደርቄ ብገባ ብዬ ጃንጥላ ያዝኩ፣ ሳልረጥብ አልገባሁም።

ጋሽ መሸሻ ሶፋው ጥግ ላይ ተቀምጠዋል። ሁሌ ከፊታቸው የሚቀመጠው ስልክ የለም። «አየሁት» አሉ ገና ሳልቀመጥ። «ጥሩብርሃን ፎቶውን አሳየችኝ። አርባ ይላል። ጎበዝ።»

«ጋሼ፣ ዓይንዎ ደክሞ ይሆናል።»

«ዓይኔ አይደለም። ሀያና አርባ አይመሳሰሉም። አራት ቀን ሙሉ ጠዋትና ማታ ሀያ አየሁ። የሌለ ነገር አየሁ ማለት ነው።» መነጽራቸውን አወለቁ። «ያን ዕለት አውቶቡስ ውስጥ ሳለሽ አርባ ይሁን ነው ያልኩሽ? ሀያ ይሁን አላልኩሽም?»

«አርባ ነው ያሉኝ።»

«እሱንም እንኳ እርግጠኛ አይደለሁም።»

እኒህ ሰው ሰሌዳ ላይ የጻፉትን ተሳሳትኩ ብለው አንድ ቀን አጥፍተው አያውቁም ነበር። ተነስተው ደብተሮቹን አመጡ፣ አስራ አንዱንም። በፌስታል አድርገው ጭኔ ላይ አስቀመጡልኝ። «ለሚችል ሰው ስጪልኝ። ስልኩን ለጥሩብርሃን ሰጥቻታለሁ። ልጆቹ ሲደውሉ አሟቸዋል ትበላቸው። ውሸት ከማስተምራቸው ዝም ብል ይሻላል።»

ተቀበልኳቸው። እንዲያውም ይተዉት፣ ይረፉ አልኳቸው። በር ላይ ጥሩብርሃን እንባዋን በነጠላዋ ጠረገች። የአእምሮ ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ ይዛለች። «አንቺ ባታረጋግጪልኝ አሁንም እራሴን አታልል ነበር» አለችኝ።

ሦስት ጊዜ አረጋግጫለሁ። ጥቁሩ መስኮት አይዋሽም። እውነቱ ይሄ ከሆነ ምን ላድርግ?

ማክሰኞ፣ ሰኔ 10

ደብተሮቹ አልጋዬ ስር ናቸው። አልከፈትኳቸውም።

እማ ከጎረቤት ጋር ስታወራ በመስኮት ሰማሁ። «ፈይዛ ምነው ዝም አለች?» አለቻት ሴትዮዋ። እማ ደግሞ «ከሆነ ሰው ጋር ተከራክራ አሸንፋ ነው መሰለኝ። ስትሸነፍ እኮ ትስቃለች» አለች። እናት ሆነሽ እንዲህ ይባላል?

ሐሙስ፣ ሰኔ 12

ታክሲ። ሰርቨሩ ሰላም ነው። ትናንት ማታ ስምንት መቶ ልጅ ገባበት፣ ጸጥ።

መልእክቶች። «ጋሽ መሸሻ ስልክ አያነሱም፣ ታመው ነው?» አምስት ልጅ ይሄንኑ ጠይቋል። አንዱ ደግሞ «37ን ሠርቼ አርባ መጣብኝ፤ የት ጋ ነው የተሳሳትኩት?» ይላል። አርባ ከመጣበት ምኑን ነው የሚጠይቀኝ? ፈተና ሲቀርብ ሁሉም ይደናበራል። «ልክ ነህ፣ በርታ» ብዬ መለስኩ። ወራጅ አለ።

እሑድ፣ ሰኔ 15

ሁሉንም እጽፈዋለሁ፣ አንድም ሳላስቀር።

ሜቲ በግቢያችን ከተከራዩት ሰዎች የአንዱ ልጅ ናት፣ አስራ ሁለተኛ ክፍል። ጠዋት እማ ሱቅ ደጃፍ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። «ፈይዛ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ? አትቆጪኝም?» አለች። ዓይኗ ቀልቷል። «ጥያቄ 37ን አምስት ጊዜ ሠራሁት። አምስት ጊዜ አርባ መጣ። መልሱ ሀያ ነው። ኬሚስትሪ አልገባኝም ማለት ነው፣ አይደል? እስከዛሬ የገባኝ ይመስለኝ ነበር።»

«አርባ ነው የሚለው» አልኳት።

ስልኳን ሰጠችኝ። ሀያ።

አሁንም «የድሮውን ይዞ ነው» አልኳት። «ስልኩ የአጎቴ ነው፣ ዛሬ ጠዋት ነው የሰጠኝ። በሱ እዚህ ገጽ ላይ ማንም ገብቶ አያውቅም» አለች። የራሴን ስልክ አወጣሁ። ከአረፋ ወዲህ አንድ ቀን በስልኬ ከፍቼው አላውቅም፤ ለምን ብዬ፣ ጥቁር መስኮት እያለኝ! ከፈትኩት። ሀያ። ወደ ቤት ሮጥኩ፣ ላፕቶፑን ከፈትኩ። ጥቁሩ መስኮት አርባ ይላል። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጬ ቆሜ ቀረሁ።

ያ አላህ። ሁለቱም አልዋሹም። ጥቁሩ መስኮት የተጨመቀ ስጠኝ ብሎ አይጠይቅም፣ ስለዚህ ሰርቨሩ ዋናውን ይሰጠዋል። ስልክ ሁሉ ደግሞ የተጨመቀውን ይቀበላል። እኔ አውቶቡስ ውስጥ ያረምኩት ዋናውን ብቻ ነው። እንደወትሮው ከላፕቶፔ በፕሮግራሙ ብጭነው ኖሮ ራሱ ጨምቆ ይተካው ነበር። በእጄ ስለገባሁ የተጨመቀው ከግንቦት 10 ጀምሮ እንደተቀመጠ ነው። በዓለም ላይ አርባ ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ። ያንን ልጅ ሐሙስ ዕለት «ልክ ነህ» ብዬ ያለፍኩትም እኔ ነኝ።

ላፕቶፔ ላይ አርሜ፣ ጨምቄ ጫንኩት። አንድ ደቂቃ። «ሜቲ፣ እንደገና ክፈቺው» አልኳት። አርባ። «ልክ ነሽ» አልኳት። «ከመጀመሪያውም ልክ ነበርሽ። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።» ልጅቷ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና መሳቅና ማልቀስ አንድ ላይ አመጣች። እኔ ያን ጊዜ የማስበው ሌላ ሰው ነበር።

ደብተሮቹን ከአልጋ ስር አወጣሁ። ሁለት ፌስታል ደራረብኩባቸውና በዝናቡ ውስጥ ወጣሁ። ታክሲ የለም። ቀራንዮ ድረስ ግማሹን በእግሬ ሄድኩ። የቤተ ክርስቲያን ሰው እየወጣ መንገዱ ሞልቷል፣ ይቅርታ ይቅርታ እያልኩ አለፍኩ።

ጋሽ መሸሻ ቴሌቪዥን ድምፁን አጥፍተው ያያሉ። «ቁጭ በይ፣ ርሰሻል» አሉ።

«ቆሜ ልናገር ጋሼ። ሀያ ነበር። እርስዎ ያዩት ሀያ ነበር። ልጆቹ ሁሉ የሚያዩት ሀያ ነው። ከአውቶቡስ ውስጥ ዋናውን ገጽ አርሜ የተጨመቀውን ረሳሁት። የረሳሁት እኔ ነኝ። እርስዎ አንድም ቀን አልተሳሳቱም፣ አስራ ስምንት ቀን ሙሉ ልክ ነበሩ።»

ቴሌቪዥኑን አጠፉት። «ድገሚው» አሉ። ደገምኩት። «ጥሩብርሃን! እስቲ ነይ ወዲህ!» ብለው ተጣሩ። ጥሩብርሃን እጇን እየጠራረገች ከጓዳ ወጣች። «አሁን ለእሷ ድገሚላት።» ደገምኩት፣ ለሦስተኛ ጊዜ፣ ቃል ሳልቀንስ። ጥሩብርሃን አፏን ይዛ ወንበር ላይ ተቀመጠች።

ጋሽ መሸሻ ተነሱ። እንደዚያ ቀጥ ብለው ሲቆሙ ካየኋቸው ዓመት ይሆናል። «አንቺ ልጅ» አሉ፣ «ሁለት ጊዜ ከክፍል አስወጥቼሻለሁ አይደል? ሦስተኛው ይሄ ነው። ውጪ!» በሩን አሳዩኝ።

ወጣሁ፣ እውነቴን ነው። ሠላሳ ሦስት ዓመቴ ነው፣ በረንዳው ላይ ዝናብ እየመታኝ ቆምኩ። ይገባኛል። ከውስጥ ጥሩብርሃን ስታለቅስ ሰማሁ፣ ቀጥሎ የእሳቸውን ሳል፣ ቀጥሎ «ግቢ አሁን፣ ጉንፋን ይዞሽ ደግሞ በእኔ እንዳይሳበብ!» የሚል ድምፅ።

ስገባ አልቆጡኝም። ይሄ ይብሳል። «እኔ እኮ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ማታ ማታ ስሜን ከነአባቴ ለራሴ እደጋግም ነበር። እሱም እንዳይጠፋኝ።» አለቀስኩ። ከደብተር አይደበቅም፣ ጮክ ብዬ ነው ያለቀስኩት።

ዝም እስክል ጠበቁኝ። ወደ ልጃቸው ዞረው እንዲህ አሉ፦ «ሳንሱሲ የወረድኩት እኔ ነኝ። ድስቱንም ያሳረርኩት እኔ ነኝ። አልክድም፣ ሐኪሙም ጋ በእግሬ እሄዳለሁ። ስረሳ ንገሩኝ። ሳልረሳ ግን ረሳህ አትበሉኝ።»

ጥሩብርሃን ከቦርሳዋ ስልኩን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ያልተነሳ ጥሪ መቶ አስራ ስድስት። ጋሽ መሸሻ መነጽራቸውን አጠለቁና ከመጀመሪያው ጀመሩ። «ሃሎ። መሸሻ ነኝ። የትኛው ጥያቄ ነው ልጄ?»

ሰኞ፣ ሰኔ 16

ማስታወቂያ ገጹ አናት ላይ ወጣ። ቃሉን ጋሽ መሸሻ አስጻፉኝ፦ «ጥያቄ 37 ላይ መልሱን ሀያ ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ስህተት ነው። አርባ ነው። አሲዱ ሁለት ሃይድሮጅን አለው፣ አትዝለሉት። መሸሻ።» ከስሩ የራሴን ጨመርኩ፦ «እርማቱ አስራ ስምንት ቀን ያልደረሳችሁ በእኔ ጥፋት ነው። ፈይዛ።» የእሳቸው ስም ብቻ ከስህተት አጠገብ አይቀመጥም።

የሐሙሱን ልጅ ለብቻው ጻፍኩለት። «እኔ እኮ አርባ ስለመጣብኝ በጭንቀት ልሞት ነበር» አለ። ልክ ነበርክ፣ ሳልጠይቅህ ያለፍኩት እኔ ነኝ አልኩት።

ዋናው ተለውጦ የተጨመቀው ካልተለወጠ የሚጮህ ነገር ሠራሁ። እያንዳንዱን ገጽም በስልክ፣ በተማሪ ዓይን አየሁ። መቶ አርባ ገጽ። ሌላ የተረሳ የለም። አልሐምዱሊላህ።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 24

ፈተናው ተጀመረ። ፈተናው የሚሰጠው ዩኒቨርሲቲ ስለሆነ ሜቲ ቅዳሜ ነው ወደዚያ የገባችው። እማ ዳቦ ቆሎ ቋጥራላታለች። ምሽት አንድ ሰዓት ላይ ሰርቨሩ ጭር አለ። ጋሽ መሸሻ ሦስት ጊዜ ደውለው «ምን ሰማሽ?» አሉኝ። ምንም። እኔም መጠበቅ አልቻልኩም፣ እሳቸውም አልቻሉም።

እሑድ፣ ሐምሌ 6

ሜቲ ተመልሳለች። ቁጥሩ ሌላ ነበር አለች፣ አሲዱ ግን ሁለት ሃይድሮጅን ነበረው። «አልዘለልኩትም» አለችኝ እየሳቀች።

ጋሽ መሸሻም ሐኪም ዘንድ ሄዱ። ጅማሮ አለ ተባሉ፣ ገና ቀላል ነው። መድኃኒት ተሰጣቸው። ሐኪሙ ሥራቸውን እንዳይተዉ አጥብቆ ነግሯቸዋል። ጥሩብርሃን ስልኩን ማታ ማታ ራሷ ቻርጅ ታደርግላቸዋለች።

ከሰዓት በኋላ ደወሉ። «ፈይዛ፣ ጥያቄ 12 ላይ አንድ መስመር ጠፍቷል። የኦክስጅኑ ክብደት የተሰላበት።»

ጥቁሩን መስኮት አልከፈትኩም። በስልኬ እንደ ተማሪ ገባሁ። መስመሩ አለ። ከላይ እስከ ታች ሁለቴ አነበብኩት። በእማ ስልክም ገባሁ፣ በሜቲም ስልክ ገባሁ። አለ። ስልኩን ጆሮዬ ላይ ይዤ ቆምኩ። ልክ ነዎት ብላቸው እንዴት በቀለለኝ።

«ጋሼ፣ አለ። ሦስተኛው መስመር ላይ ነው።»

አጉሊ መነጽሩን ከጠረጴዛው ሲያነሱ ሰማሁ።

«አለ» አሉ ቆይተው። «ይሄኛው የኔ ነው ማለት ነው።»

«አዎ ጋሼ። ይሄኛው የእርስዎ ነው።»

ከዚያ ሳቃቸውን ሰማሁ፣ እስኪያስላቸው።

«ያለፈው ያንቺ፣ ይሄ የኔ። አንድ ለአንድ ነን። በይ እስክሪብቶ ያዢ፣ የዘንድሮውን ፈተና ልንጀምር ነው። ጥያቄ አንድ።»

ያዝኩ።